ለቀብር የሆነ ዕድር ለዋስትና አይሆንም ወይ?



ስለ ወጣት ወንዶቻችን በየስብሰባው ብዙ ይባላል። አንዱ «ሥራ ይንቃሉ» ይላል፤ ሌላው «መንግሥት ሥራ አልፈጠረላቸውም» ይላል። ሁለቱም ተናግረው ወደየቤታቸው ይገባሉ። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ግን በእኛው እጅ ያለ፣ ማንንም ሳንጠብቅ ልንሠራው የምንችለውን ጉዳይ ነው። እርሱም ዋስ ነው።

በየካና በእንጦጦ ግርጌ ባሉ ሠፈሮች፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ሾላ፣ ከመገናኛ እስከ ኮተቤ፣ ጫማ የሚጠርገውን፣ መኪና የሚያጥበውን፣ ታክሲ ላይ የሚጣራውን፣ በላምበረት መናኸሪያ ዕቃ የሚሸከመውን ልጅ ሁላችንም እናውቀዋለን። ገሚሱ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ገሚሱ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከወላይታ መጥቶ ከእኛ ጋር የከረመ ነው። ይህ ልጅ በጥበቃ፣ በገንዘብ ተቀባይነት፣ በዕቃ ቤት ሠራተኛነት ወይም በሾፌርነት ልቀጠር ብሎ ሲሄድ ብዙ ጊዜ ከሙያው አስቀድሞ የሚጠየቀው «ዋስ አለህ ወይ?» ተብሎ ነው። ዋሱም የወር ደመወዝተኛ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያጽፍ መሆን አለበት። አጎቱ ባንክ የሚሠራለት ልጅ በማግስቱ ዋሱን ይዞ ይቀርባል። አባቱ የቀን ሠራተኛ፣ እናቱ ከእንጦጦ እንጨት ተሸካሚ የሆነችበትስ ከየት ያምጣ? ከአገር ቤት ብቻውን የመጣውማ የሚጠራው ስም እንኳ የለው። ሁለቱ ልጆች በጉብዝና እኩል ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚለያዩት በዘመድ ነው።

በትምህርት በኩል ያለውም በር ጠባብ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና፣ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ አይሞሉም፤ ከመቶ 3.3 መሆናቸው ነው። በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4 ነበሩ። የቀረው ቴክኒክና ሙያ ይግባ ይባላል፤ ደግ ነው። ነገር ግን እዚያም የገባው ሠልጣኝ ለትብብር ሥልጠና የሚቀበለው ጋራዥ ወይም ወርክሾፕ ያስፈልገዋል። የሚያውቀው ሰው ከሌለ ደብዳቤውን ይዞ ከበር ወደ በር ሲንከራተት ይውላል።

መንገድ ዳር ሲቆም ደግሞ ስም ይወጣለታል። «ቦዘኔ» የሚለው ቃል በ1996 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 384 ሕግ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። በሠፈራችን ቅሚያና ሌብነት የለም አላልኩም፤ አለ፣ ያጠፋም ይጠየቅ። ግን ያልሰረቀውም ልጅ ከሌባ እኩል ሲታይ ይውላል። የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል ይባል የለ!

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ ያለ አይደለም። በየካቲት 2006 ዓ.ም. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ «የወንድሜ ጠባቂ» የተባለ እንቅስቃሴ አስጀምረው ነበር። ዓላማው በቆዳቸው ቀለም ምክንያት በር የሚዘጋባቸው ወጣት ወንዶች በትምህርትና በሥራ ከእኩዮቻቸው ወደኋላ እንዳይቀሩ ማድረግ ነው፤ ብዙ ከተሞችም በየአካባቢያቸው ተቀብለውት ሠርተውበታል። እዚያ በሩን የሚዘጋው ቀለም ነው፤ በእኛ ሠፈር የሚዘጋው «ይህን ልጅ አውቀዋለሁ» የሚል ሰው መጥፋቱ ነው።

ታዲያ ልጁን የሚያውቀው ማነው? ዕድር ነዋ! ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ለዚህ ነው። ዕድራችን ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ መዝገብና መተዳደሪያ ደንብ አለው። «ዕድር ለሞተ እንጂ ላለ አይሆንም» የሚል ካለ የ1990ዎቹን ዓመታት ያስታውስ። ኤች አይ ቪ በበረታበት በዚያ ጊዜ በአዲስ አበባ ያሉ በርካታ ዕድሮች ከቀብር ወጥተው ታማሚ መጠየቅና ወላጅ ያጡ ሕፃናትን መርዳት ጀምረው ነበር። ያኔ ከተቻለ ዛሬ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

«ሰርቆ ቢጠፋስ? የመበለቶች ገንዘብ ይጥፋ እንዴ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ሕጉ ውስጥ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1922 እንደደነገገው ዋስትና በግልጽ መሰጠት አለበት፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ ልክም ካልተጻፈ ውሉ አይጸናም። ስለዚህ ዕድሩ ሊያጣ የሚችለውን አስቀድሞ ራሱ ይወስናል፤ ከዚያ በላይ አንድ ሣንቲም አይጠየቅም።

በዚህ መሠረት የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ዕድሩ ከቀብር ሒሳብ ጋር የማይነካካ ልዩ የዋስትና ሒሳብ ይክፈት። አባል ሁሉ በወር ትንሽ ይጨምር፤ ዋስትናውም በዚያ ሒሳብ ልክ ይወሰን።

ሁለተኛ፣ ዋስ የሚጠራለት ልጅ በሠፈሩ ቢያንስ 6 ወር የታወቀ፣ ሁለት አባላት የመሰከሩለት ይሁን። ከአገር ቤት የመጣም ቢሆን እኩል ይታይ። ሥራ ሲይዝም እርሱ ራሱ መዋጮ ከፋይ ይሁን፤ ነገ ለሚቀጥለው ልጅ ዋስ የሚሆነው በዚሁ ነው።

ሦስተኛ፣ ጋራዥ፣ እንጨት ቤት፣ ብረታ ብረት ቤት ያላችሁ አባላት በየዓመቱ አንዳንድ ሠልጣኝ ተቀበሉ። የዕድሩ ጸሐፊ የፈቃደኞችን ዝርዝር ይያዝ፤ ልጁ በየበሩ ከሚለምን ወደ ጸሐፊው ይምጣ።

«ሴቶቹስ?» ላላችሁኝ፣ እውነታችሁን ነው። የሴት ልጆቻችን ሸክም የከበደ እንጂ የቀለለ አይደለም። ወንዶቹን ያስቀደምኩት በየመንገዱ የሚጠረጠሩት እነርሱ በመሆናቸው ነው፤ ደንቡ ግን ለሁለቱም አንድ ይሁን።

እስቲ አስቡት፤ ያ ልጅ ነገ ቢሞት ጡሩንባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሁላችንም ነጠላችንን አዘቅዝቀን እንወጣለን። ለሬሳው የምንወጣውን ያህል በሕይወት ሳለ «እኔ አውቀዋለሁ» ብለን አንድ ወረቀት ላይ ብንፈርምለት ምን ይጎዳናል? ጉዳዩ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ በአጀንዳ እንዲያዝ በአክብሮት አሳስባለሁ።

ከአንድ የማኅበሩ አባል