ተቆጣጣሪው ከመምጣቱ በፊት

በነቀምቴ የሚኖሩ አንዲት እናት አዲስ ሥራ ጀምረዋል። እናቶች ወደ ገበያና ወደ ሥራ ሲሄዱ ልጆቻቸውን በቤታቸው ይጠብቃሉ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1064 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዘዘ። ልጅ መጠበቅ ሙያ ነው። ሙያም ተቆጣጣሪ አለው።

እኚህ እናት "ልጄ፣ ሰኞ ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ምን ላዘጋጅ?" አሉኝ። ቤቱን አብረን አየን። ወለሉ ተጠርጓል። ምንጣፉ ታጥቧል። ጥግ ላይ ግን የከሰል ምድጃ አለ።

"የወለጋ ክረምት ይበርዳል። በሩን ዘግቼ አነዳላቸዋለሁ" አሉ።

ደነገጥሁ። ከሰሉ ባይጨስም ከፍሙ ሽታ የሌለው መርዛማ አየር ይወጣል። በተዘጋ ቤት የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ይህን ስነግራቸው ምድጃውን ወዲያው አወጡት። ለልጆቹም ጋቢ ደረቡላቸው።

ከዚያ ሌላውን አሰናዳን።

በረኪናና ላምባ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ።
የውኃ ጉድጓድ ይከደን።
የሚጠጣ ውኃ ይፍላ።
እጅ በሳሙና ይታጠብ።
የልጁ ስምና የወላጁ ስልክ በደብተር ይጻፍ።
የክትባት ካርዱ ይታይ። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ይሰጣል።

ደብተሩን ራሳቸው ጻፉት። አምና ፊደል አያውቁም ነበር።

ተቆጣጣሪው የሚመጣው አንድ ቀን ነው። ልጆቹ ግን በየቀኑ ይመጣሉ።

ለውይይት፦ በእናንተ ቤት ከሰል የሚነደው የት ነው? በሩስ ክፍት ነው?