በሣጥን የተቆለፈው ሰንጠረዥ



ከአባት ለልጅ፥ ከልጅም ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ዕቃ በየቤቱ አይጠፋም። በአንዱ ቤት ጋሻ፥ በአንዱ ቤት በገና፥ በአንዱም የብር ዋንጫ ይገኛል። ባለፈው ክረምት ለጥየቃ በሄድሁበት ቤት ያየሁት ቅርስ ግን ከእነዚህ የተለየ ነበረ። በእንግዳ መቀበያው ክፍል፥ በመስኮቱ አጠገብ በቆመ የመስተዋት ሣጥን ውስጥ፥ ቀይ ጨርቅ ተዘርግቷል። በጨርቁ ላይ ጥቁር ጥብጣብ በቁመትና በአግድም ተሰፍቶበት 64 ቤት ሆኗል። በቤቶቹም ላይ ከዝሆን ጥርስ የተቀረጹ፥ ከእጅ ብዛት የለሰለሱ ጠጠሮች ቆመዋል። የቤቱ ጌታ፥ ዕድሜያቸው ሰባን ያለፈ ሽማግሌ፥ «የአባቴ ሰንጠረዥ ነው» አሉኝ።

አጨዋወቱን ያውቁ እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። «አባቴና ባልንጀሮቹ ሲጫወቱ ጩኸታቸው ትዝ ይለኛል፤ ጨዋታውን ግን አልተማርሁም። ልጆቹ እንዳይጥሉብኝ ቁልፉን ከራሴ አልለይም» ብለው ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩኝ።

እኔም ወደ ሣጥኑ ቀረብ ብዬ ስመለከት ሁለቱ ነገሥታት ፊት ለፊት ተፋጥጠው ቆመዋል። ይህ አቋቋም የዛሬው ቼዝ እንጂ የአገራችን ሰንጠረዥ አይደለም። በሰንጠረዥ ደንብ እያንዳንዱ ተጫዋች ንጉሡን ከመካከለኛው መሥመር በስተ ቀኙ ስለሚያቆም፥ ንጉሥ የሚተያየው ከባላጋራው ፈርዝ ጋር ነው፤ ከንጉሡ ጋር አይደለም። እንግዲህ ይህ ቤት ዕቃውን አንድም ሳያጎድል ጠብቆ (አንድ እግረኛ እንኳ ጠፍቷል፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ) የዕቃውን ነገር ግን ረስቶታል ማለት ነው። ሽማግሌውን እንዳላሳዝን ፈርቼ በዚያ ቀን ዝም አልሁ። ወደ ቤቴ ከተመለስሁ በኋላ ግን ነገሩ ስላልለቀቀኝ በዚህ ዓምድ ልጽፈው ወደድሁ።

ዛሬ «ሰንጠረዥ» ብንል ተማሪው የሚያስበው ቁጥር በመደዳና በዓምድ የሚሞላበትን የሒሳብ ገጽ ነው፤ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊውም እንደዚሁ። ስሙ ወደ ወረቀቱ የተሻገረው ወረቀቱ እንደ ጨዋታው ገበታ በቤት በቤት የተከፈለ ስለ ሆነ ነው። ጨዋታው ከአደባባይ ወጥቶ ስሙን በቢሮ ትቶልን ሄደ ብንል ማጋነን አይሆንም።

ጨዋታው የተፈጠረው በህንድ አገር ነው። የጦር ሠራዊት አራቱ ክፍሎች፥ እግረኛው፥ ፈረሰኛው፥ ዝሆኑና ሠረገላው፥ በገበታ ላይ የሚሰለፉበት የጦርነት ምሳሌ ነበረ። ከህንድ ወደ ፋርስ፥ ከፋርስም ወደ ዐረቦች ተሻግሮ «ሻጥራንጅ» ተባለ፤ የእኛም «ሰንጠረጅ» ወይም «ሰንጠረዥ» የዚያ ስም ልጅ ነው። «ፊል» የምንለው ጠጠር በፋርስና በዐረብ ቋንቋ ዝሆን ማለት ነው፤ እኛ ግን ዝሆኑን በገዛ ቋንቋችን ሳንጠራው በመጣበት ስም ተውነው። «ፈርዝ» ደግሞ የንጉሥ አማካሪ ማለት ሲሆን፥ ለጆሮ ከ«ፈረስ» ጋር ስለሚቀራረብ ጀማሪውን ያሳስተዋል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ንጉሥ በየአቅጣጫው አንድ ቤት ይራመዳል። ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። ፊል በሰያፍ አንዱን ቤት ዘልሎ በሁለተኛው ላይ ያርፋል፤ በመካከል ማንም ቢቆም አያግደውም። ፈረስና በማዕዘን የሚቆመው ደር ግን ዛሬ በቼዝ እንደምናያቸው ናቸው። መደቅ የሚባለው እግረኛ ከመነሻውም ቢሆን አንድ ቤት ብቻ ወደ ፊት ይራመዳል፤ የሚበላውም በሰያፍ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ አውሮፓውያን ፈርዝን ንግሥት አድርገው ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር እንድትቆርጥ ሥልጣን ሰጧት፤ የፊልንም እርምጃ አስረዘሙት። በእኛ አገር ግን የጥንቱ አካሄድ እንዳለ ቆየ።

በቤተ መንግሥታችን የቆየ ጨዋታ ለመሆኑም ምስክር አለው። ዐፄ ልብነ ድንግል (እ.ኤ.አ. ከ1508 እስከ 1540 የነገሡት) ከቬኒስ ከመጣ አንድ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደ ነበረ በዘመኑ ከተጻፈ የመንገደኞች ወሬ እንረዳለን። እቴጌ ጣይቱም ሰንጠረዥ ዐዋቂ እንደ ነበሩ ይነገራል። ከሁሉ ይልቅ ጨዋታውን በዓይናችን እንድናየው የሚያደርገን ግን እ.ኤ.አ. በ1805 ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ነው። ራስ ወልደ ሥላሴ ከመኳንንታቸው ጋር ሲጫወቱ ተመልክቶ እንደ ጻፈው፥ ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፥ ትልልቅና ውበት የጎደላቸው ነበሩ። ተጫዋቹ የባላጋራውን ጠጠር ሲበላ በኃይል መትቶ ከስፍራው ያስለቅቀዋል። በዙሪያው የተቀመጠ ሁሉ፥ አገልጋዩ እንኳ ሳይቀር፥ በጨዋታው ድምፅ አለው፤ ብድግ እያለ ወደ ገበታው ጠጋ ብሎ «ይህን አንሣ፥ ያንን ተው» እያለ በጣቱ ያሳያል። ደግሞም መኳንንቱ ራስ ሁልጊዜ እንዲያሸንፉ በብልኀት ያደርጉ ነበረ ይላል። ይህ የመጨረሻው ብልኀት ከጨዋታው ጋር አብሮ የጠፋ አይመስለኝም።

የሰንጠረዥ ዋናው ነገር ግን ገና አልተነገረም፤ እርሱም «ወረራ» የሚባለው ነው። በቼዝ አንዱ ሲያነሣ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። በሰንጠረዥ ግን በመጀመሪያ ተራ የሚባል ነገር የለም። ጨዋታው እንደ ተከፈተ ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድነት፥ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፥ የፈለጉትን ያህል እርምጃ እያነሡ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። ዓይን ግን ከባላጋራው እጅ አይነሣም፤ እርሱ ፈረሱን ወደ ግራ ሲያወጣ ያየ ሰው የራሱን እርምጃ መልሶ ሌላ ሊያደርግ ይችላል። ይህ ሁሉ የሚቆመው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው፤ ከዚያ በኋላ በተራ ይሆናል። ስለዚህም ሰውን በጥድፊያው ማሸነፍ፥ በትዕግሥቱም መሸነፍ የሚታይበት ጨዋታ ነው።

አጨራረሱም የራሱ ሥርዓት አለው። ንጉሥን በደር ወይም በፈረስ ማፈን ድል ቢሆንም ብዙ አያስመሰግንም። በፈርዝ ወይም በፊል ያፈነ ይመሰገናል፤ በእግረኞች ያፈነ ግን ከሁሉ ይልቅ ይከበራል። ሹማምንቱ ሁሉ የተበሉበትን ንጉሥ ማፈን አይፈቀድም። ስለዚህ የበረታው ወገን ያገኘውን ሁሉ እየበላ ቢሄድ መጨረሻ ላይ ባዶ እጁን ይቀራል፤ ለባላጋራው ቢያንስ አንድ ሹም አስቀርቶለት ማሸነፍ አለበት። ይህን ደንብ ባሰብሁት ቍጥር እደነቃለሁ።

ይህን ሁሉ ለማወቅ የቻልነው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ ሰንጠረዥ ታሪክና ደንብ ጽፈው ስላቈዩልን ነው። ከ1936 እስከ 1941 ከነበረው የጠላት ዘመን ወዲህ ጨዋታው እየመነመነ ስለ ሄደ፥ እርሳቸው ባይጽፉት ኖሮ በብዙ ቤት ጨርቁና ጠጠሩ ብቻ ይቀር ነበረ።

በአንጻሩ ዳማን ተመልከቱ። የዳማ ገበታ በካርቶን ላይ በከሰል ይሠመራል፤ ጠጠሩ የለስላሳ ቆርኪ ነው፥ የአንዱ ወገን ወደ ላይ፥ የሌላው ወደ ታች ይደፋል። ቆርኪ ቢጠፋ ከመንገድ ሌላ ይለቀማል። ዛሬ በየመንደሩ ጥላ ሥር የሚጫወተው አይታጣም። ዳማን በመስተዋት የቆለፈበት ሰው የለም፤ ሰንጠረዥ ግን የባለጸጋ ዕቃ ስለ ነበረ ክብሩ ራሱ ጎዳው ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ የተነሣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወደ ሽማግሌው ቤት ተመልሼ የማውቀውን ነገርኋቸው። ነገሥታቱ የቆሙበት ስፍራ ስሕተት መሆኑን በሰሙ ጊዜ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ቀጥሎም «ታዲያ እኔ ስጠብቅ የኖርሁት ምንድን ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በዚያው ቀን ሣጥኑ ተከፈተ። ስለ ዕቃው አያያዝ የተነጋገርነውን ለሌላም ቤት ይጠቅም እንደ ሆነ ልጥቀሰው። የዝሆን ጥርስ ፀሐይና ሙቀት አይወድም፤ በመስኮት አጠገብ ሲኖር ይደርቃል፥ ይሰነጠቃል። በውኃ መዘፍዘፍ፥ ቅባት መቀባት፥ የተሰነጠቀውንም በማጣበቂያ መድፈን አይገባም፤ በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ አቧራውን ማንሣት ይበቃዋል። ቀዩ ጨርቅ ቀለሙን እንዳይለቅ አይታጠብ፤ ሲቀመጥም ከሚታጠፍ ይልቅ ይጠቅለል፥ ብልም እንዳይገባው በየጊዜው አየር ይንካው። አሜሪካ ያለችው ልጃቸው ሰንጠረዡን እንዲልኩላት ለምናቸው ነበረ። እኔ ግን የዝሆን ጥርስ ንግድ እ.ኤ.አ. በ1989 በአገሮች ስምምነት የታገደ መሆኑን፥ በጉምሩክም ሊያዝ እንደሚችል፥ የቆየ ቅርስም ያለ ፈቃድ ከአገር እንደማይወጣ ገለጽሁላቸው። ከእንጨት ሌላ አስቀርጸው ቢልኩላት ይሻላል ተባብለን ተስማማን።

ለጠፋው እግረኛ የዐሥራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጃቸው ከጓዳ ቆርኪ አመጣ። ሽማግሌው መጀመሪያ ቅር አላቸው፤ በዝሆን ጥርስ መካከል ቆርኪ ማየት አልለመዱም። ልጁ ግን «አባባ፥ እርሱን እኔ እወስደዋለሁ» ብሎ በራሱ ወገን አቆመው።

ልጁ ቼዝን በስልክ ተምሯል። ፈርዙ እንደ ንግሥት የሚሮጥ መስሎት ነበረና አንድ ቤት ብቻ መሆኑን ሲሰማ ሳቀ። ወረራው በተጀመረ ጊዜ ግን ሳቁ ቀረ፤ ተራ መጠበቅ የለመደ እጁ ምን እንደሚያነሣ ጠፋበት። አያቱ በጸጥታ ፊላቸውን አወጡ፥ መለሱ፥ ደግመው አወጡ። ልጁም መፍጠን ጀመረ። እኅቱ ከኋላው ቆማ «ፈረሱን! ፈረሱን!» አለች። አያቱ እመቤት ከወጥ ቤት እጃቸውን እየጠረጉ ወጥተው ምንም ሳያውቁ የባላቸውን ወገን ያዙ። የጎረቤት ልጅም ገብቶ ጣቱን በገበታው ላይ ሰነዘረ። ቤቱ በጩኸት ተሞላ።

ሽማግሌው እጃቸውን ከጠጠሩ ላይ አንሥተው ቀና አሉ። «ይህ ነው» አሉኝ፤ «ይህን ድምፅ ነው የማስታውሰው።»

ጨዋታው ሳያልቅ መሸ። ለአያቱ ከንጉሣቸው ጋር የቀረላቸው አንድ ፊል ብቻ ነበረ። ልጁ በደሩ ሊበላው እጁን ዘረጋ፤ ነገር ግን ፊሉን ከበላ ብቻውን የቀረውን ንጉሥ ለማፈን እንደማይፈቀድለት ነገርሁትና እጁን መለሰ። እመቤቲቱ እራት ቀርቧል ብለው፥ ጠጠሮቹ ከቆሙበት እንዳይነቃነቁ በገበታው ላይ ሰፌድ ደፉበት። ተሰናብቼ ስወጣ ልጁ የሰፌዱን ጠርዝ ቀስ ብሎ ከፍ አድርጎ ከሥር ሲመለከት አየሁት።