ሞተር ወረደ ማለት ሞተር ሞተ ማለት አይደለም

እሁድ ማታ ከጊምቢ ስልክ ተደወለልኝ። የድሮ ተማሪዬ ነው። ወርክሾፕ ውስጥ ሞተር ሲፈታ አንድ ብሎን የማይጠፋበት ልጅ ነበር፤ ኋላ ግን ቁልፉን ጥሎ መሪ ጨበጠ። «ቲቸር፣ ኢሱዙው ሄደብኝ» አለኝ። መኪና ያላችሁ ሰዎች ያንን ድምፅ ታውቁታላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሉ ጭነት ይዞ ከነቀምቴ ወጣ። ወደ ዲዴሳ ወረደ፣ ድልድዩን ተሻገረ፣ ከዚያ ያ የምታውቁት ዳገት መጣ። የሙቀት ጌጁ ቀይ ላይ ደርሷል፤ «ትንሽ ልግፋውና ሜዳ ላይ ልቁም» አለ። ዳገቱን ሳይጨርሰው ሞተሩ ኃይል አጣ፣ ነጭ ጭስ ተፋና ቆመ። ረዳቱ ደግሞ ለመርዳት ብሎ ጀሪካን ይዞ ሮጠና ቀዝቃዛ ውሃ በጋለው ሞተር ላይ ደፋበት።

አሁን ሁለት ምክር ይዟል። ጊምቢ ያለው መካኒክ «እናውርደውና እንሥራው» ይለዋል። አዲስ አበባ ያለ ደላላ ደግሞ በስልክ «ያገለገለ የዱባይ ሞተር አለ፣ ገጥመህ በሦስት ቀን መንገድ ላይ ነህ» ይለዋል። የመኪናው ዕዳ ገና አላለቀም፤ ለብድሩ የተያዘው የአባቱ ቤት ካርታ ነው። የቡና ወቅት እየመጣ ነው። «ምን ላድርግ?»

ለእሱ የነገርኩትን እዚህም ልጻፈው ያልኩት ይሄ ጥያቄ ስለሚደጋገምብኝ ነው። አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር፦ ብሎኩ እስካልተሰነጠቀ፣ ቢዬላም ብሎኩን በስቶ እስካልወጣ ድረስ፣ እኛ አካባቢ ሞተር ማሠራት ከመቀየር ይሻላል ባይ ነኝ። ይሄ ግን ሁለተኛው ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው «ለምን ተቃጠለ?» የሚለው ነው፤ እሱን ሳይመልስ የሚሠራም የሚቀይርም ሰው ገንዘቡን ሜዳ ላይ እየበተነ ነው።

ይሄን ከመጽሐፍ አይደለም የማውቀው። ከዓመታት በፊት አንድ ጎረቤታችን፣ አባቴን የሚያውቁ ኦቦ፣ የመኪናቸው ሞተር ተቃጥሎ እኔን አማከሩኝ። ወጣት ነበርኩ፣ አዋቂ ነኝ ባይም ነበርኩ። ከፍቼ እንኳ ሳላይ «ይቀየር» አልኳቸው። ተቀየረ። ራዲያተሩ ግን የድሮው ነበር፤ ውስጡ በደለልና በዝገት ግማሹ ተደፍኖ ነበር፣ ማንም አላጠበውም። ሁለተኛው ሞተር ሁለት ወር አልሞላውም፣ ባኮን ሳያልፍ ያው ሆነ። ሰውየው አንድም ቀን አልወቀሱኝም። ባገኙኝ ቁጥር «አካም ጂርታ» ብለው ስለ እናቴ ጤና ጠይቀውኝ ያልፋሉ። መኪናውን በቁሙ ሸጡት። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

ስለዚህ ስለ ሙቀት ትንሽ ልበል፣ ተማሪዎቼ ብትሰለቹም። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። በዚህ ከፍታ ውሃ በ100 ዲግሪ አይደለም የሚፈላው፣ በ93 አካባቢ ነው። ውሃው ከዚያ በላይ ሳይፈላ እንዲቆይ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ያቺ ትንሽ ክዳን! ስፕሪንጓ የላላ፣ ጎማዋ የተቀደደ፣ አንዳንዱ ጋ ጭራሽ በጨርቅ የተወተፈ ክዳን ይዞ ዲዴሳን የሚወጣ መኪና ስንቱ ነው? ባለቤቱ ለጎማ የሚከፍለውን ያውቃል፣ ለክዳን ግን እጁ አይፈታም።

ሌላው ቴርሞስታት ነው። «አውልቀህ ጣለው፣ ሞተሩ ይቀዘቅዛል» የሚባለው ምክር ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ግን ወለጋን በሙሉ አዳርሷል። በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲወጣ የውሃው አንድ ክፍል ራዲያተሩን ሳይጎበኝ በአቋራጭ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይዞራል። ዳገት ላይ የበለጠ ይሞቃል፣ ሜዳ ላይ ደግሞ ከሚገባው በታች ይቀዘቅዝና ፋሻውንና ላይነሩን ይበላል። ላላ ያለ ቺንጋ፣ የወንዝ ውሃ፣ በቡና ገለባና በአቧራ የተደፈነ የራዲያተር ክንፍ፣ እነዚህን ጨምሩበት።

እሺ፣ ምክንያቱ ታወቀ እንበል። ከዚያስ?

ከዚያ መለካት ነው። እዚህ ላይ ነው ከብዙ ባለሙያ ወዳጆቼ ጋር የምጣላው። ሞተር ተፈቶ መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ መካኒኩ ክራንክሻፍቱን በአውራ ጣቱ ዳስሶ «ደህና ነው» ይላል። አውራ ጣት የሚሊ ሜትር መቶኛ አይለካም። ማይክሮሜትር ይለካል። የክራንክሻፍት ብሮንዝ የሚሸጠው በ0.25 ሚሊ ሜትር ልዩነት ነው፤ አንደኛ ልጥ፣ ሁለተኛ ልጥ እያልን የምንጠራው እሱን ነው። በግምት የሚገጠም ነገር አይደለም። ደግሞ ሁሉም ክራንክሻፍት አይላጥም። ለምሳሌ የኢሱዙ ፎር ጄ ቢ ዋን ሞተር ክራንክሻፍት ላዩ በልዩ ዘዴ የጠነከረ ስለሆነ የፋብሪካው መመሪያ እንዳይላጥ ይከለክላል። ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥ ይቻላል፣ ያምራልም፤ ጠንካራውን ቆዳ ገፈህ ግን ለስላሳውን ነው የገጠምከው። ብዙ «የተሠራ ሞተር አይበረክትም» የሚሉ ሰዎች ሞተራቸው የሞተው እንዲህ ነው። ሥራው ሳይሆን አለመለካቱ ነው የገደለው።

የተማሪዬ ሞተር ላይ የማየው አራት ነገር ነው። ቴስታታው ተጣሟል ወይስ ተሰንጥቋል? ቀዝቃዛ ውሃ ስለተደፋበት ስንጥቅን በጣም እጠረጥራለሁ፤ በቫልቮቹ መሃል ያለች ፀጉር የምታክል ስንጥቅ በዓይን አትታይም፣ በግፊት መፈተሽ አለባት። ጓርኒሲዮኑ የት ጋ ነው የተበላው? ዘይቱ ምን ይመስላል? ማኪያቶ መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል፣ ያኔ ብሮንዞቹን ሳያዩ ማለፍ የለም። አራተኛው ላይነሩ ነው፣ የድሮዎቹ ካሚቻ የሚሉት፤ ፒስተኑ ነክሶት ከሆነ ጭረቱ ጥፍር ይይዛል። ደስ የሚለው ነገር እንደ እሱ ባለው ኢሱዙ ላይነሩ ወጥቶ በአዲስ ይተካል እንጂ ብሎኩ አይጣልም። ሲኖትራክ ያላችሁ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ዕድል አላችሁ። ደብሊው ዲ 615 ሞተር ለስድስቱ ሲሊንደር ስድስት የተለያየ ቴስታታ ነው ያለው፤ አንዱ ሲሰነጠቅ አንዱን ትቀይራላችሁ። አንድ ቴስታታ ተሰንጥቆበት ሙሉ ሞተር ያስቀየሩት ሰው አውቃለሁ። ያ ምክር አይደለም፣ ዘረፋ ነው።

አሁን ወደ ደላላው እንምጣ። «የዱባይ ሞተር» ስንል ምን ማለታችን ነው? ያገለገለ ሞተር ነው። እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፦ ይሄ ሞተር ከመኪናው ላይ ለምን ወረደ? መኪናው ተገልብጦ ከሆነ ጥሩ። ሞተሩ ሞቆ፣ ዘይት ጠጥቶ፣ ድምፅ አውጥቶ ከሆነ ግን የሌላ ሰው በሽታ በአዲስ ቀለም ተቀብቶ እየገዛህ ነው። ሶማሌ ተራ ላይ ቆሞ ያለ ሞተር ሁሉ ቆንጆ ነው። ሲነሳ ካልሰማኸው፣ ኮፓው ተከፍቶ የብረት ብናኝ መኖር አለመኖሩን ካላየህ፣ ውበቱ ለምንም አይሆንህም። ዋስትና ሲባልም ብዙ ጊዜ «ገጥመህ እስኪነሳ ድረስ» ማለት ነው፤ ሞተር ደግሞ ሲነሳ አይደለም የሚታወቀው፣ ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ነው።

የወረቀቱም ጉዳይ አለ። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ተጽፏል። የገዛኸው ሞተር የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ወይም ሕጋዊ የሽያጭ ሰነድ ከሌለው ቁጥሩን ማስቀየር አትችልም። ዓመታዊ ምርመራ ላይ ትያዛለህ፣ መንገድ ላይ ትቆማለህ፣ አደጋ ቢደርስ ከኢንሹራንስ ጋር ትጨቃጨቃለህ፣ መኪናውን ልሽጥ ብትል ገዢ ይሸሻል። በሦስት ቀን መንገድ ላይ ነህ ያለህ ደላላ ይሄን አልነገረህም።

ገንዘቡስ? ብዙ ሰው «የማሠሪያው ወጪ የሞተሩን ዋጋ ግማሽ ካለፈ ቀይር» ይላል። ይሄ ሕግ አይመቸኝም። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀና ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ 100ን ካለፈ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል። ፋሻም ብሮንዝም ጨምሯል፣ አልክድም። ግን ሞተር ስትቀይር የምትከፍለው ከሞላ ጎደል በሙሉ የዶላር ዋጋ ነው፤ ስታሠራ ግን ትልቁ ድርሻ የሰው እጅ ነው፣ ነቀምቴ ውስጥ፣ ጊምቢ ውስጥ፣ ደምቢ ዶሎ ውስጥ የሚቀር ብር ነው። ያስተማርኳቸው ልጆች የሚበሉት እንጀራ ነው። አድልዎ አለብህ በሉኝ፣ አለብኝ።

ግን ልጆቼን ሳልቆጣ አላልፍም። ሞተር ዛፍ ስር፣ አቧራ እየነፈሰ አይገጠምም። የቴስታታ ብሎን በጉልበት አይጠብቅም፣ ቶርክ ሬንች አለ፤ ከሌለ ተዋዋሱ፣ አራት ጋራዥ ተሰብስቦ አንድ ይግዛ። የድሮ ጓርኒሲዮን በማስቲሽ ተለጥፎ አይመለስም። እንዲህ አድርጋችሁ የምትሠሩት ከሆነ ተማሪዬ ደላላውን ቢሰማ ይሻለዋል፤ ከመጥፎ ሥራ ጥሩ ቅያሪ ይበልጣል። የትሬንታ ኳትሮና የኤን ትሬ ፊያት ዘመን ሰዎች መንገድ ዳር ሞተር አውርደው ይሠሩ ነበር ትሉኛላችሁ። ይሠሩ ነበር። እነዚያ ሞተሮች ግን ስሕተትን ይቅር የሚሉ ነበሩ፤ የዛሬዎቹ ይቅርታ አያውቁም።

ስለ ጊዜ ካልተናገርኩ ደግሞ ታማኝ አልሆንም። የኔ ምክር ትልቁ ድክመቱ እሱ ነው። ማሠራት ቀን ይፈጃል። ጓርኒሲዮን ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ፤ ያለፉት ዓመታት ደግሞ ያ መንገድ ዛሬ ክፍት፣ ነገ ዝግ ሲሆን የኖርነው እኛ ነን። መኪና በቆመ ቁጥር ብድሩ አይቆምም። በቡና ወቅት ሁለት ሳምንት መቆም ለአንዳንዱ የዓመት ኪሳራ ነው። ስለዚህ ታሪኩ የሚታወቅ ሞተር ከተገኘ፣ ለምሳሌ የተጋጨ መኪና፣ ሞተሩ ሲሠራ ያየነው፣ ባለቤቱ የሚታወቅ፣ ወረቀቱ ያለ፣ እኔም ቀይር እላለሁ። የድሮውንም ሞተር ግን ለቆራሌው አትስጠው። ብሎኩና ክራንክሻፍቱ ደህና ከሆኑ ቀስ ብለህ እያሠራህ ታስቀምጠዋለህ፤ ቀጣዩ ዳገት ላይ ይፈለጋል።

ለተማሪዬ ያልኩት ይሄው ነው። ለደላላው ቀብድ እንዳትከፍል። ማክሰኞ ቴስታታው ይውረድ፣ እኔ በቪዲዮ አያለሁ። ዘይቱን በንጹሕ ዕቃ ቅዳና ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ። ራዲያተሩ ወርዶ ይታጠብ፣ ክዳኑን ጣለውና አዲስ ግዛ፣ ቴርሞስታቱ በቦታው መኖሩን እይ። («የለም ቲቸር፣ ስገዛውም አልነበረም» አለኝ። ዝም አልኩ።) ረዳትህንም አትቆጣው፤ ሞተር ሲግል ጠብቆ፣ እያዞሩ በቀስታ ውሃ እንደሚጨመር ማንም አልነገረውም።

ስንጥቁ ቴስታታው ላይ ብቻ ከሆነ ቴስታታ እንፈልጋለን፣ ብሎኩ ላይ ከሆነ ያኔ ስለ ሞተር እናወራለን።

አሁን የእናንተ እርዳታ ያስፈልጋል። ነቀምቴ ወይም ጊምቢ ውስጥ ቴስታታ በግፊት የሚፈትሽ ቤት የምታውቁ፣ የሚታመን ማይክሮሜትርና ጥሩ ዓይን ያለው ቶርኖ የምታውቁ፣ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ ወይም በውስጥ አናግሩኝ። ልጁ እስከ ሐሙስ ነው የሚጠብቀው፤ ደላላው ቅዳሜ ይደውልለታል።