ቍጥሩ እንደ ሥራው ይሁን

«ነገርን ከሥሩ፤ ውኃን ከጥሩ» የሚለው የአባቶች ምክር ለዳኛና ለሽማግሌ ብቻ የተነገረ ቢመስልም፣ የሕክምናን ሒሳብ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ እጅግ የሚያስፈልግ ነው።

በአሜሪካ አገር ለእያንዳንዱ የሐኪም ሥራ አምስት አኃዝ ያለው ቍጥር ተመድቦለታል። የነዚህንም ቍጥሮች መጽሐፍ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1966 ዓመት መጀመሪያ አሳተመው፤ በየዓመቱም ያድሰዋል። ሕክምናው የተደረገበት ምክንያት ደግሞ በሌላ ቍጥር ይጻፋል። የኢንሹራንስ ኩባንያው ሁለቱን አስተያይቶ ወይ ይከፍላል፤ ወይ አልከፍልም ይላል።

ይህ ነገር ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ከሴቶች ሕክምና ማስረዳት ይቻላል። የማኅፀን አንገት በማጉያ መሣሪያ ሲመረመር፣ መመልከት ብቻ ከሆነ ቍጥሩ 57452 ነው። ከአንገቱ ላይ ለምርመራ ጥቂት ሥጋ ቢወሰድ 57455፣ የአንገቱ ውስጠኛ መንገድ ቢፋቅ 57456 ይሆናል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ቢደረጉ ግን 57454 የሚባል አንድ ቍጥር አላቸው። አንዱን ሥራ ለሁለት ከፍሎ ሁለት ዋጋ መጠየቅ አይገባም። እንዲሁም ማኅፀን በላፓሮስኮፕ ኦፕራሲዮን ሙሉ በሙሉ ሲወጣ፣ ክብደቱ እስከ 250 ግራም ቢሆን 58570፣ ከዚያ ቢበልጥ 58572 ነው፤ ቱቦው ወይም የእንቍላል ዕጢው አብሮ ቢወጣ 58571 ወይም 58573 ይሆናል። ስለዚህ ሚዛኑ ሳይታይ የሚጻፍ ቍጥር ግምት እንጂ ምስክርነት አይደለም።

የስሕተቱም ዕዳ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በሕመምተኛዋ ላይ ነው። በ2010 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ጤነኛ ሴት በወቅቱ የምታደርገውን የማኅፀን አንገት ካንሰር ምርመራ አብዛኛው ኢንሹራንስ ከእርስዋ ምንም ሳይጠይቅ ይከፍላል። ያው ምርመራ ስለ ሕመም እንደ ተደረገ ሆኖ በስሕተት ቢጻፍ ግን፣ ሒሳቡ ወደ ቤትዋ ይመጣል። በዚያ አገር የሚኖሩ የአማርኛ ተናጋሪዎች እናቶችና እኅቶችም እንዲህ ያለ ወረቀት ሲደርሳቸው ደንግጠው ከመክፈል አስቀድሞ ዝርዝሩን መጠየቅና ለኢንሹራንሱ አቤት ማለት ይገባቸዋል፤ ይህ መብታቸው ነውና።

ዋጋው ከፍ ያለውን ቍጥር ዐውቆ መምረጥ ደግሞ ስሕተት ሳይሆን ማታለል ነው። ከመንግሥት ገንዘብ በሐሰት የሚጠይቀውን ሰው የሚቀጣው የአሜሪካ ሕግ በ1863 በእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የወጣ ሲሆን፣ ዛሬም ይሠራበታል። በሌላ በኩል በፍርሃት ከሥራው ያነሰ ቍጥር መጻፍ የሐኪሙን ድካም ያስቀራል፤ የሕመምተኛዋንም ታሪክ ያጐድላል።

እንግዲህ መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም። ሐኪሙ ያየውንና የሠራውን በዚያው ቀን አሟልቶ ይጻፍ፤ ጸሐፊው የተጻፈውን አንብቦ ቍጥሩን ይምረጥ፤ ያልተጻፈ ነገር ቢያገኝ ሐኪሙን ይጠይቅ እንጂ በልቡ አይሙላው። ቍጥር ከሥራው ቀድሞ የተመረጠ እንደ ሆነ ሐሰት ነው፤ ሥራውን ተከትሎ የተጻፈ እንደ ሆነ ግን ለሐኪሙም ለሕመምተኛዋም እውነተኛ ምስክር ይሆናል።