ጥላም በትኬት?

አዲስ አበባን በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐይ በእግሩ የዞረ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል። ፎቶ የምንነሣበት ቦታ ሞልቷል፤ ሳንከፍል አረፍ የምንልበት ጥላ ግን የለም ማለት ይቀላል።

ይህን ያየሁት ያለፈው ሚያዝያ ከቢቸና የመጡትን አጎቴንና ሁለት የሞጣ ዘመዶቼን ይዤ ስዞር ነው። ለጉዳይ መጥተው "ነገ ተመለሱ" ስለተባሉ አንድ ቀን ተረፈን። ብሔራዊ ሙዚየም ገብተን ሉሲን አየን፤ ከዚያ በአራት ኪሎ አድርገን ወደ ፒያሳ፣ በ2016 ዓ.ም. ወደተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ። ሰባት ሰዓት ላይ አናት የሚበሳ ፀሐይ ነበር። አጎቴ በአንድ ፓርክ አጥር በኩል አጮልቀው ዛፉን አዩና "ምነው ልጄ፣ ጥላውንም ይሸጡታል እንዴ?" አሉኝ።

ሳቅን፤ ግን ጥያቄው ትክክል ነው። መጨረሻ ላይ ካፌ ገብተን አራታችንም ማኪያቶና ውሃ አዘዝን። ጠምቶን ብቻ አይደለም፤ ወንበር ለመከራየት ነው። የከፈልነው ሒሳብ በአብዛኛው የጥላ ኪራይ ነበር።

የአዲስ አበባ ሙቀት እኮ የአፋር ሙቀት አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ የሚያቃጥለው አየሩ ሳይሆን ፀሐዩ ነው። ጥላ ውስጥ አምስት ደቂቃ ቁሙ፣ ይበርዳችኋል። ቢቸናና ሞጣም ደጋ ስለሆኑ እኛ ይህን ከልጅነት እናውቀዋለን። ዱባይ ሰውን ለማቀዝቀዝ መብራት ታቃጥላለች፤ እኛ ግን አንድ ዛፍና አንድ አግዳሚ ወንበር ይበቃናል። ከዚህ የረከሰ የከተማ አገልግሎት እስቲ ጥሩልኝ።

ኢኮኖሚክስ ስንማር አንዱ ሲጠቀምበት ለሌላው የማይጎድል፣ ለማስከፈልም የማይመች ነገር አለ ተብለናል፤ የመንገድ መብራት የተለመደው ምሳሌ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ነጋዴ አያቀርበውም፣ መንግሥት ነው የሚያቀርበው። የመንገድ ዳር ዛፍ ጥላም ያው ነው። አጥር ሲዞርበት ግን ሸቀጥ ይሆናል። ቤተ መንግሥትና አንበሳ ለማየት ክፈሉ ቢባል ቅሬታ የለኝም፤ በ2012 ዓ.ም. የተከፈተው አንድነት ፓርክ ጥገናው ገንዘብ ይፈልጋል። እኔ የምለው ከአጥሩ ውጭ ስላለው ነው።

ኮሪደር ልማቱ ምንም አላመጣም አልልም። የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ ወንበር አለ፣ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ተሠርቷል (ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ከአረጋዊ ጋር የዞረ ያውቀዋል)። ግን እኛ ያገኘናቸው ወንበሮች ጠራራ ፀሐይ ላይ ናቸው፤ ከጎናቸው የተተከለው ዘንባባ ደግሞ ጥላው ለአንድ ሰው ራስም አይበቃ። ቆንጆ ነው፣ ግን ለካሜራ ነው። በነጻ ያረፍነው አራዳ ጊዮርጊስ ግቢ ብቻ ነበር። ጎጃምም ውስጥ ነባር ዛፍ በብዛት የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው፤ ይህ ግን ማዘጋጃ ቤቱን ከሥራው ነጻ አያወጣውም።

የሚገርመው፣ አዲስ አበባ ራሷ በዛፍ የተረፈች ከተማ ናት። በምኒልክ ዘመን ማገዶ አልቆ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር፤ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው ያቆያት።

አሁን የሚያሳስበኝ የኛዎቹ ናቸው። ኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞችም ወርዷል። ሰላም ሲሆንና ተራው ቢቸናና ሞጣ ሲደርስ፣ አዲስ አበባን እንቅዳ መባሉ አይቀርም። በኛ አገር ሽማግሌ የሚያስታርቀው፣ ዕድር የሚሰበሰበው፣ ገበያተኛ ሸክሙን አውርዶ የሚተነፍሰው ዛፍ ሥር ነው። ይህን ቆርጦ ዘንባባ መትከል ኪሳራ ነው፤ ሒሳቡን ለመሥራት ዲግሪ አያስፈልግም። ማዘጋጃ ቤቶቻችን ፕላን ሲያወጡ ንጣፉን ከመለካታቸው በፊት ያሉትን ዛፎች ይቁጠሩ፣ መንገዱ እነሱን ዞሮ ይለፍ። አዲስ ይተከል ከተባለም ዋንዛና ብሳና እዚያው አፈር ላይ አሉ፤ መናኸሪያና ገበያ አጠገብ ይተከሉ፣ አጥር ሳይኖር።