አትሌቶቻችን የሚለብሱትን ማን ይለካላቸዋል?

ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ኬንያዊቷ ፌይዝ ኪፕዬጎን አንድ ማይልን ከ4 ደቂቃ በታች ለመሮጥ ፓሪስ ላይ ስትሞክር፣ ናይኪ ያለበሳት ልብስ ላይ ትናንሽ ጉብታዎች ነበሩ። 13 አሯሯጮችም አጅበዋታል። ካሰበችው ሰዓት በ6 ሰከንድ ተኩል ገደማ ዘግይታ ገባች።

ጉብታው ማታለያ አይደለም፤ ፊዚክስ ነው። የሰው ክንድ፣ እግርና ደረት እንደ ዓሣ ሾጠጥ ያሉ አይደሉም። አየሩ ዞሯቸው ሳይጨርስ ይላቀቃል፤ ከጀርባቸውም ግፊቱ ዝቅ ያለ የሚሽከረከር አየር ይቀራል። ሯጩን ወደ ኋላ የሚጎትተው በዋናነት ይኼ ነው። ጉብታዎቹ ሰውነትን ታኮ የሚያልፈውን ስስ አየር ያውኩታል። የታወከው አየር ደግሞ ቶሎ አይላቀቅም፣ ከኋላ የሚቀረው ሽክርክሪትም ይጠባል። የጎልፍ ኳስ ስርጉድ የበዛበት ለዚሁ ነው።

ጣጣው ግን ፍጥነቱ ላይ ነው። ለብስክሌተኛ ጥቅሙ የታወቀ ስለሆነ የዓለም ብስክሌት ማኅበር የልብስ ሸካራነት ከ1 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ደንግጓል። ቀነኒሳ በቀለ በ2012 መስከረም በርሊን ላይ 2:01:41 ሲገባ ግን አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 5.8 ሜትር ነበር። በዚህ ፍጥነት የሚሄድ ለስላሳ ክንድ፣ አየሩ በራሱ ወደዚያ ጠቃሚ ሁኔታ ከሚገባበት ደረጃ ብዙ እጥፍ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ጉብታ ደረጃውን ያወርደዋል፤ ነገር ግን ቁመቱና ቦታው ካልተመጠነ ጥቅም ቀርቶ ጉዳት ያመጣል።

ሱሉልታ ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል። ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ከበርሊኑ በሩብ ያህል ይሳሳል። ለአስፋልት ልምምድ ወደ ሰበታ ቢወረድም ልዩነቱ ብዙ አይጠብም። ስለዚህ አንድ ሯጭ ሱሉልታ ላይ አዲሱን ልብስ ለብሶ «ቀለለኝ» ቢል ስለ በርሊን የነገረን ነገር የለም።

እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ግሪፊዝ ፑ እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳተመው ጥናት በሰከንድ 6 ሜትር የሚሮጥ ሰው ከፊቱ ካለው ሯጭ አንድ ሜትር ብቻ ርቆ ቢከተል፣ አየርን ለመግፋት ከሚያወጣው ጉልበት 80 በመቶውን እንደሚያድን ያሳያል። ይህን ያህል የሚሰጥ ጨርቅ የለም። አሰልጣኝ ለልብስ ከመጨነቁ በፊት ማን ከፊት ይሩጥ፣ ንፋሱ ከጎን ሲመጣ ቡድኑ እንዴት ይሰለፍ የሚለውን ቢያለማምድ ትርፉ ይበልጣል።

ይህ ማለት ልብሱ ይናቅ ማለት አይደለም። ውል የፈረመ አትሌት የተሰጠውን ነው የሚለብሰው፤ ልብሱ በእሱ ክንድ ውፍረትና በእሱ ፍጥነት መሠራቱን የሚያውቀው ግን ሻጩ ብቻ ከሆነ አደጋ አለው። በሰከንድ 6 ሜትር የሚነፍስ የንፋስ መሞከሪያ ደግሞ የሮኬት ቴክኖሎጂ አይደለም። ማራገቢያ፣ አየሩን የሚያስተካክል ወንፊት፣ ረጅም የእንጨት ሳጥንና ጥሩ ሚዛን ይበቃዋል። የአምስት ኪሎ የምህንድስና ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራቸው ሊገነቡት ይችላሉ። የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ ድርሻ የቡድኑን ልብስ መላክ፣ አቅራቢውንም «የለካችሁበትን ፍጥነትና ቁጥሩን አሳዩን» ብሎ በውል ውስጥ ማስገባት ነው።