የአራስ ራስ ምታት ሁሉ ብርድ አይደለም

ከወለደች ሳምንት ያልሞላት ሴት በድንገት «ራሴን!» ብላ ብትጮህ ቤተሰቡ መልስ አያጣም። «ብርድ ገብቷት ነው»፣ «ምች ነው»፣ «እንቅልፍ አጥታ ነው» ይባላል። ዳማከሴ ይጨመቃል፣ አጥሚት ይቀርባል፣ በሩ ይዘጋል። ሁሉም የሚደረገው ከፍቅር ነው። ነገር ግን በቤት ውስጥ እንክብካቤ የማይታለፍ ራስ ምታት አለ።

ሐኪሞች ከመብረቅ ጋር የሚያመሳስሉት ዓይነት ነው። ቀስ እያለ አይመጣም፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከምንም ተነሥቶ የመጨረሻው ጫፍ ላይ ይደርሳል። ከወሊድ በኋላ ለዚህ ምክንያት ከሚሆኑት አንዱ የአንጎል የደም ሥሮች በድንገት እዚህም እዚያም መጥበባቸው ነው። አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ይጀምርና ሕመሙ ለቀናት እየተመላለሰ ይመታል። የጠበቡት ሥሮች በሦስት ወር ውስጥ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ ብዙዎቹ እናቶችም ይድናሉ። እስከዚያው ግን አንጎል ውስጥ ደም ሊፈስ ወይም ስትሮክ ሊከተል ይችላል። ሥሩ ቢመለስም በስትሮክ የተጎዳው የአንጎል ክፍል ላይመለስ ይችላል።

ተመሳሳይ ምልክት ይዘው የሚመጡ ሌሎች አደጋዎችም አሉ። የእርግዝና ደም ግፊት ከወሊድ በኋላም እስከ ስድስት ሳምንት ሊነሣ ይችላል። የአንጎል ደም መላሽ ሥር በረጋ ደም ሊዘጋ ይችላል። በወገብ ማደንዘዣ የወለደች ሴት ስትቀመጥ የሚብስባት፣ ስትተኛ የሚቀልላት ራስ ምታትም አለ። የትኛው እንደሆነ ጎረቤት ሊለይ አይችልም።

«ሲቲ ስካን በየወረዳው በሌለበት አገር ይህ ምን ይጠቅማል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው እርምጃ ሲቲ ስካን አይደለም፤ ደም ግፊት መለካት ነው። መለኪያው ጤና ጣቢያ አለ። ሁለተኛው «ምን መድኃኒት ወስደሻል?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ አፍንጫ የሚከፍቱ አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶችና ደም ለማቆም የሚሰጠው ኧርጎሜትሪን የደም ሥር ያጠባሉና። ሦስተኛው ሳይዘገዩ ሪፈር መጻፍ ነው። የመጀመሪያው ምርመራ ንጹሕ ቢሆንም ሕመሙ ከተመለሰ እንደገና መታየት አለባት፤ ጥበቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በምስል ላይታይ ይችላልና።

ትልቁ ክፍተታችን ሌላ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት በወለዱ በሁለት ቀን ውስጥ ምርመራ ያገኙት እናቶች 34 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ በኋላ 24 ሰዓት በጤና ተቋም መቆየትን፣ ከዚያም እስከ ስድስተኛው ሳምንት ቢያንስ ሦስት ጊዜ መታየትን ይመክራል። እኛ ግን እስከ ምጡ ድረስ ለእናትየው እንጨነቃለን፤ ከወለደች በኋላ ዓይናችን ሁሉ ሕፃኑ ላይ ነው። የክትባቱን ቀን የሚያስታውስ ቤተሰብ የእናትየውን ቀጠሮ ይረሳል።

«ሴቶቹን ታስፈራራላችሁ» ለሚሉም መልስ አለ። አብዛኛው የአራስ ራስ ምታት ቀላል ነው፤ ለዚህም ነው አደገኛው የሚለይበትን ማወቅ የሚያስፈልገው። በድንገት የመጣ፣ ከዚህ በፊት አይታው የማታውቀው፣ ወይም ከዓይን ብዥታ፣ ከመንቀጥቀጥ፣ ከአንድ ጎን መዛል፣ ከንግግር መጎተት ጋር የመጣ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን መኪና ይፈለግ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየአራስ ቤቱ ሲገቡ «ሕፃኑ ይጠባል?» ከሚለው ጋር «ራስሽን አሞሽ ያውቃል? እንዴት ጀመረሽ?» የሚለውን ይጨምሩ። ጥያቄው ገንዘብ አይጠይቅም። ባሎች፣ እናቶች፣ አማቶችም «አራስ ናትና ከቤት አትወጣም» የሚለውን ልማድ ለዚህ ጊዜ ይተዉት። ገንፎው ይቆያል፤ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ትድረስ።